ስድስት መቶ ያልተነበበ መጽሐፍ፦ እንዴት ይገባበታል?

የገጽ ዳር (በመድረኩ ላይ ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ውስጥ ስድስት መቶ ገደማ ያልተነበበ መጽሐፍ አለ። ልብ ወለድ አለበት፣ ታሪክ አለበት፣ ግጥም፣ የቋንቋ መማሪያ፣ የሒሳብና የኮምፒውተር መጽሐፍ፣ ወፋፍራም መዝገበ ቃላት። የገዛሁት፣ በስጦታ የመጣ፣ የወረስኩት ሁሉ ተደባልቋል። ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረ ነው። አሁን ከምሬ ልገባበት ወስኛለሁ።

ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። በቀን 20 ገጽ የሚያነብ ሰው በዓመት 7,300 ገጽ ያነባል። አንዱ መጽሐፍ በአማካይ 250 ገጽ ቢሆን በዓመት 29 መጽሐፍ መሆኑ ነው። በዚህ ፍጥነት ስድስት መቶው ከ20 ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ያውም አንድ ቀን ሳይዘለል፣ አንድ አዲስ መጽሐፍ ሳይጨመር። በቀን 40 ገጽ ቢነበብ እንኳ ከ10 ዓመት ያልፋል። ስለዚህ «ሁሉንም አንብቤ እጨርሳለሁ» ማለት ምኞት እንጂ ዕቅድ ሊሆን አይችልም። የትኞቹን ላንብብ? የቀሩትንስ ምን ላድርጋቸው?

ያልተነበበ መጽሐፍን እንደ ዕዳ ማየት አልፈልግም። ዕዳ በተራው እየተከፈለ ያልቃል፤ ንባብ እንዲያ ከሆነ ግዳጅ ይሆናል፣ ግዳጅ ሲሆን ደግሞ ይተዋል። በሌላ በኩል ተከፍቶ የማያውቅ መጽሐፍ የእኔ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። በሁለቱ መካከል የሚያስኬድ መንገድ ያገኛችሁ ካላችሁ አካፍሉኝ።

---

ሰሌዳ

ወንድሜ፣ ሒሳቡን አስቀድመህ መሥራትህ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ ነው የሚደክመው።

ከመምረጥህ በፊት ምን እንዳለህ በጽሑፍ እወቀው። ኤክሴል ይበቃል። አንድ ረድፍ ለአንድ መጽሐፍ፦ ርዕስ፣ ደራሲ፣ የገጽ ብዛት፣ ያለበት ቦታ፣ ከዚያ «ለምን ያዝኩት» የሚል ዓምድ። ይህን የመጨረሻውን ዓምድ አትዝለለው፤ በኋላ የምትወስነው በእሱ ነው። «ስለ ባሕር ንግድ ታሪክ ለማወቅ» ብለህ መጻፍ ከቻልክ መጽሐፉ ገና ሥራ አለው። ምክንያቱ አልመጣልህ ካለ ባዶውን ተወው፤ ባዶነቱም አንድ ነገር ይነግርሃል።

የአይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ባርኮድ በስልክ የሚያነቡ መተግበሪያዎች አሉ፤ በ978 ወይም በ979 የሚጀምረው ባለ 13 አሐዝ ቁጥር ነው። ባለ 13 አሐዙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን ከዚያ በፊት 10 አሐዝ ነበር። ቁጥሩ ራሱ ዓለም አቀፍ መለያ ሆኖ የጸደቀው በ1970 ስለሆነ ከዚያ በፊት የታተመውን በእጅህ ነው የምትጽፈው።

---

የመደርደሪያ ጠባቂ

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ስለዚህ ከሙያው በኩል ልግባ።

ሰው ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚያከማች ቦታ ይመስለዋል። ግማሹ ሥራችን ግን ክምችት ማጥራት ነው። የሕንዱ የሒሳብ ሊቅና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካወጣቸው አምስት ሕጎች የመጀመሪያው መጽሐፍ እንዲያገለግል ነው የተሠራው የሚል ነው። አምስተኛው ደግሞ ቤተ መጻሕፍትን ከሚያድግ ሕያው ነገር ጋር ያመሳስለዋል። ሕያው ነገር ያረጀውን እየተካ ነው የሚኖረው፤ እኛም ማጥራትን የምናየው በዚሁ ዓይን ነው።

ከመደርደሪያ የሚነሣውን ለመለየት የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። መረጃው ዛሬ የሚያሳስት ነው? መጽሐፉ ከጥገና በላይ ተበላሽቷል? አዲስ እትም ተክቶታል? ድሮም ፍሬ ነገር አልነበረውም? ለዚህ ቤተ መጻሕፍት አንባቢዎች አይሆንም? ሌላ ቦታ በቀላሉ ይገኛል?

የመጀመሪያውና ሦስተኛው ለሕክምና፣ ለሕግ፣ ለኮምፒውተርና ለጉዞ መመሪያ ነው የሚሠሩት። አሥር ዓመት የሞላው የመድኃኒት መጽሐፍ ባይነበብ ጉዳት የለውም፤ ቢነበብ ነው የሚጎዳው። ከኮምፒውተር መጽሐፎችህ ስለ አንድ ሶፍትዌር አጠቃቀም የሚያወሩትን ያለ ጭንቀት አውጣቸው፤ ስለ አልጎሪዝምና ስለ ሒሳብ መሠረት የሚያወሩት ግን ዕድሜያቸው ረጅም ነው፣ አቆያቸው። ልብ ወለድና ግጥም በዕድሜ አይመዘኑም።

ለቤት ክምችት ከሁሉም የሚበልጥብኝ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ነገ ብፈልገው ከሰው ወይም ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ ላገኘው እችላለሁ? መልሱ አዎ ከሆነ መጽሐፉን መልቀቅ ማጣት አይደለም። ሕትመቱ የቆመ፣ ሌላ ዘንድ የማይገኝ ከሆነ ግን ባታነበውም ያዘው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስታንሊ ስሎት የተባለ ባለሙያ ክምችት ማጥራትን ሲያጠና የደረሰበት መደምደሚያ ቀላል ነው፦ አንድ መጽሐፍ ወደፊት ይነበብ እንደሆነ ከሁሉ በላይ የሚጠቁመው ለመጨረሻ ጊዜ ከመደርደሪያ ከወረደ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ነው። ይህን ቤትህ ውስጥ ልትሞክረው ትችላለህ። መጽሐፎቹን ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ቁራጭ ወረቀት ሰክተህ አስቀምጥ፤ ባወረድክ ቁጥር ወረቀቱን አውጣ። ዓመት ሲሞላ የትኛው ክፍል እንደሚንቀሳቀስ፣ የትኛው እንደተኛ በዓይንህ ታየዋለህ።

---

የገጽ ዳር

እህቴ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ስድስቱን ጥያቄዎች ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። አምስተኛው ላይ ግን ተያዝኩ። «ለአንባቢው አይሆንም» የሚለውን ቤተ መጻሕፍት አንባቢዎቹን ስለሚያውቅ ሊመልሰው ይችላል። እኔ ግን እነዚህን መጽሐፎች ስይዛቸው የነበርኩት ሰው ዛሬ የለም። የፈረንሳይኛ መማሪያው፣ የሙዚቃ ንድፈ ሐሳቡ፣ የሥነ ፈለክ ጥራዞቹ። እኔ እንዳልፈለግኳቸው በምን አውቃለሁ?

---

እመ ብራና

ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ። መጽሐፍ ስንይዝ ብዙ ጊዜ የምንይዘው ልንሆነው ያሰብነውን ሰው ነው። ፈረንሳይኛ የሚናገረውን፣ ፒያኖ የሚጫወተውን፣ ሌሊት ሰማይ የሚያየውን። መጽሐፉን መልቀቅ የሚከብደውም ያን ሰው ማሰናበት ስለሚመስል ነው። ወረቀቱ ቢሆን ኖሮ ማንም አይቸገርም ነበር።

እኔ የማደርገውን ልንገርህ። መጽሐፉን በእጄ ይዤ «ዛሬ ማታ ደራሲው አጠገቤ ቢቀመጥ ምን እጠይቀዋለሁ?» እላለሁ። ጥያቄ ከመጣልኝ መጽሐፉ ይቆያል፤ የምጽፈውም ራሱ ጥያቄው ነው፣ በእርሳስ፣ ሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ። ከሳምንታት በኋላ ስመለስ ከመጽሐፉ በፊት ጥያቄዬን ነው የማገኘው፤ ንባቡም ከመጀመሪያው ገጽ ሳይሆን መልሱ ካለበት ምዕራፍ ሊጀምር ይችላል። ጥያቄ ካልመጣልኝ ለብቻው በተለየ መደርደሪያ አቆየዋለሁ። ወዲያው አላወጣውም። በዚያ መደርደሪያ ላይ ወቅት አልፎት አንድም ጊዜ ካላሰብኩት ለሚፈልገው ሰው ይሄዳል።

የፈረንሳይኛው ጉዳይ ግልጽ ነው። መማሪያ መጽሐፍ ለማንበብ የሚሆን አይደለም፤ የሚሠራበት ነው። በዚህ ወር በቀን ግማሽ ሰዓት ልትሰጠው ፈቃደኛ ነህ? ከሆንክ ጠረጴዛህ ላይ አውርደው። ካልሆንክ ቋንቋውን የመማር ፍላጎትህ አይሞትም፤ የምትማርበት ጊዜ ሲመጣ መማሪያው አይጠፋም።

በሥነ ልቦና የሚታወቅ ነገርም አለ። ካነማን፣ ኔችና ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ሙከራ ለግማሹ ተሳታፊ ስኒ ሰጡ፤ ስኒውን የያዙት ሰዎች ለመሸጥ የጠየቁት ገንዘብ፣ ያልያዙት ለመግዛት ከፈቀዱት እጥፍ ገደማ ነበር። ስኒው አንድ ዓይነት ነው። በእጅ ስለገባ ብቻ ከበደ። ስለዚህ ጥያቄውን ገልብጠህ ጠይቅ፦ ይህ መጽሐፍ ዛሬ ባይኖረኝ ፈልጌ አመጣው ነበር? ስድስት መቶውን በዚህ ብቻ ብታሳልፋቸው ክምሩ ምን ያህል እንደሚቀል ታያለህ።

---

ሺህ ቅጽ

እኔ በዚህ ሁሉ አልስማማም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

መጽሐፍን በ«ዛሬ ይጠቅመኛል ወይ» መመዘን ዕድሜውን ማሳጠር ነው። ጣሊያናዊው ደራሲና ሊቅ ኡምቤርቶ ኤኮ ሚላኖ በሚገኘው ቤቱ 30,000 ያህል ጥራዝ ነበረው። እንግዳ ሁሉ «ይህን ሁሉ አንብበኸዋል?» ይለው ነበር። ያልተነበበው መጽሐፍ ግን ሊቁ የማያውቀውን የሚያሳየው ነው፤ መሣሪያው ነው። ነገ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚነሣብኝ ዛሬ አላውቅም። ጥያቄው ሲነሣ መልሱ ክንዴ በሚደርስበት ቦታ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

በዚያ ላይ ልጆች አሉ። በ27 አገሮች መረጃ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አምስት መቶ መጽሐፍ ባለበት ቤት ያደገ ልጅ መጽሐፍ ከሌለበት ቤት ካደገው በአማካይ 3.2 ዓመት የበለጠ ትምህርት እንደሚማር አሳይቷል፤ የወላጆች ትምህርትና ሥራ ከግምት ገብቶም። ወላጁ ያላነበበውን ልጁ ያነበዋል። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ላይ አንባቢ ያደረገኝ አባቴ ገዝቶ ያልከፈተው መጽሐፍ ነው።

የገጽ ዳር፣ አትቸኩል። የወጣ አይመለስም።

---

ሰሌዳ

ሺህ ቅጽ፣ ስለ ኤኮ ያልከው እውነት ነው፤ ግን ሰውየው ከመጽሐፉ ጋር ይሠራ ነበር። የት እንዳለ ያውቃል፣ ያወርዳል፣ ይጠቅሳል። ኮሪደር ላይ በካርቶን ተደራርቦ የተቀመጠ መጽሐፍ ክንድ አይደርስበትም። በእኔ ግምት በቤተ መጻሕፍትና በክምር መካከል ያለው ልዩነት የተነበበው ብዛት አይደለም፤ ስትፈልገው በሁለት ደቂቃ ታገኘዋለህ ወይስ አታገኘውም ነው።

ጥናቱን በተመለከተ ተከታዩም አለ። ከዚያው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው፣ 31 አገሮችን የሸፈነው ጥናት በ80 ገደማ መጽሐፍ መካከል ያደገ ሰው አዋቂ ሲሆን የማንበብ ችሎታው አማካይ ላይ እንደሚደርስ፣ ከ350 በኋላ ደግሞ ተጨማሪ መጽሐፍ ያን ያህል ለውጥ እንደማያመጣ ያሳያል። ስለዚህ የገጽ ዳር ግማሹን ቢለቅ ልጆቹ አይጎዱም።

---

እመ ብራና

ሺህ ቅጽን ለመደገፍም ለመቃወምም የሚሆን አንድ ሰው አለ፦ ሰር ቶማስ ፊሊፕስ። እ.ኤ.አ. ከ1792 እስከ 1872 የኖረ እንግሊዛዊ ነው። በዓለም ካለው መጽሐፍ ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ እንዲኖረው ይመኝ ነበር። 60,000 ያህል የእጅ ጽሑፍና 40,000 ያህል የታተመ መጽሐፍ ሰብስቧል። ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ ከተተ፤ ክፍሎቹ ሰው የማያስገቡ ሆኑ። ከሞተ በኋላ ክምችቱ ተሸጦ እስኪያልቅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። ነገር ግን ያ ሰው ባይሰበስባቸው ኖሮ ብራናቸው ለሌላ ሥራ እየተቆረጠ ሊጠፉ የነበሩ ብዙ ጽሑፎች ዛሬ በታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛሉ። ለእኔ ትምህርቱ ብርቅዬውን ከተራው መለየት ነው። ብርቅዬ የሆነውን ጠብቅ፣ አደራ ነው። በመቶ ሺህ ቅጂ የታተመውን ግን የሚጠብቅለት ሌላ ሰው አለ።

---

የድሮ መምህር

ልጆች፣ ክርክራችሁ ደስ ይላል። እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ስለዚህ የገጽ ዳር የሠራው ሒሳብ ለእኔ ሌላ ትርጉም አለው። ሃያ ዓመት የሚባለውን በደንብ አውቀዋለሁ።

አሁን የማነበው እየቀመስኩ ነው። ናንሲ ፐርል የምትባል አሜሪካዊት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ያወጣችው ደንብ አለ። ዕድሜህ ከሃምሳ በታች ከሆነ ለማንኛውም መጽሐፍ 50 ገጽ ስጠው፤ እዚያ ደርሰህ ካልያዘህ ዝጋው። ከሃምሳ ካለፍክ ዕድሜህን ከመቶ ቀንስ፤ የቀረው የገጽህ ብዛት ነው። ስለዚህ የእኔ ድርሻ 28 ገጽ ነው። መቶ ዓመት ሲሞላኝ በሽፋኑ ብቻ መፍረድ ይፈቀድልኛል።

ቅምሻው እንዲህ ነው የሚሄደው። ጠዋት ጠዋት ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ አወርዳለሁ። ማውጫውን አነባለሁ፣ መግቢያውን፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ መጀመሪያና መጨረሻ። ታሪክ ወይም ሳይንስ ከሆነ በኋላ ያለውን የቃላት መጠቆሚያ አያለሁ፤ ደራሲው ደጋግሞ የሚያነሣው ምን እንደሆነ መጠቆሚያው ይናገራል። ከዚያ አንድ መሐል ምዕራፍ ከነሙሉው። ልብ ወለድ ከሆነ ይህን ሁሉ ትቼ ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው፤ ልብ ወለድ በመሐል አይገባበትም።

ቅምሻው ሲያልቅ ሦስት ነገር ይሆናል። አንዳንዱ ይይዘኛል፣ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ። አንዳንዱ አንድ ምዕራፉ ይበቃኛል፤ የፈለግኩትን ወስጃለሁና እንዳነበብኩት እቆጥረዋለሁ። የተቀረው አይሆነኝም። አርባ ዓመት ሳስተምር ተማሪዎቼን «የጀመራችሁትን ጨርሱ» እል ነበር፤ ለፈተና መጽሐፍ ዛሬም እላለሁ። በገዛ ፈቃዱ ለሚያነብ ሰው ግን መተው ከንባብ ችሎታ አንዱ ነው።

---

አዲስ አንባቢ

መምህር፣ እርስዎ የጻፉትን ገልብጬ አስቀመጥኩት። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ብዙ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ሲቀምሱ አይምታታብዎትም? እኔ ሁለት ከጀመርኩ አንዱም አይዘልቅልኝም።

---

የድሮ መምህር

ልጄ፣ ዓይነታቸው ከተመሳሰለ ይምታታል። ሁለት ልብ ወለድ አብሬ አልይዝም። አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል፣ አንድ ግጥም ከሆነ ግን እያንዳንዱ የራሱ ሰዓት አለው። ከባዱ ለጠዋት ነው፣ አእምሮ ሳይደክም። ግጥሙ አልጋ አጠገብ ይቀመጣል። ደግሞም ስታቆሚ የት እንደደረስሽ ብቻ ሳይሆን ምን እየጠበቅሽ እንደነበር በአንድ መስመር ጽፈሽ ውስጡ ተዪው። ከሳምንት በኋላ ስትመለሺ ክሩን ከዚያው ታነሺዋለሽ።

---

የቆጥ ሥር

ማንም ያላነሣው ነገር አለ። ውሃ እየገባበት ያለ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ውሃ መቅዳት አያዋጣም፤ መጀመሪያ ቀዳዳው ይደፈን። የገጽ ዳር፣ በዓመት ስንት መጽሐፍ ታስገባለህ? ካነበብከው በላይ ከሆነ ኤክሴሉም ቅምሻውም ዋጋ የለውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእንደኛ ዓይነቱ ነው፦ አዲሱን ስንፈልግ የያዝነው ሳይነበብ ይቀራል።

ጭራሽ አልገዛም ማለት አይዘልቅም፤ ብዙ ሰው ሲሞክረው አይቻለሁ፣ ጾሙ ሲፈታ በአንድ ቀን የሦስት ወሩን ያካክሳል። የሚሠራው ማዘግየት ነው። መጽሐፍ ሲያምርህ ስሙን፣ ቀኑንና ማን እንደነገረህ ጻፍ። ወር ቆይተህ ዝርዝሩን ስታየው አብዛኛው ለምን እንዳማረህ እንኳ አታስታውስም። ዝርዝሩ ላይ የሰነበተውን ደግሞ መጀመሪያ ተዋስ፤ ተውሰህ አንብበህ ድጋሚ እንደምትፈልገው ካወቅክ ያን ጊዜ ግዛው። የተዋስከው መጽሐፍ የመመለሻ ቀን አለው፣ የመመለሻ ቀን ያለው መጽሐፍ ደግሞ ይነበባል።

ለምን እንደምንገዛም ማስተዋል ነው። መጽሐፍ መግዛት ገና ሳይነበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል። ደስታው እውነተኛ ነው፣ ግን የሚያበቃው መጽሐፉ ቤት ሲደርስ ነው።

---

ጸጥታ

የእኔ ክምር ኪንድል (የአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) ውስጥ ነው። ቦታ ስለማይዝ ማንም አያየውም፣ እኔም አላየውም፤ ለዚህ ነው ከወረቀቱ የሚብሰው። የረዳኝ ነገር ቢኖር «አሁን» የሚል አንድ አቃፊ ከፍቼ ከአምስት በላይ እንዳይገባበት ማድረጌ ነው። ሌላው ሁሉ ከዓይን ውጭ ይሆናል።

አስፈላጊውን ደግሞ በወረቀት ያዙት። የኢመጽሐፍ ግዢ አብዛኛውን ጊዜ የመጠቀም ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን የአንድ ታዋቂ ደራሲን ሁለት መጻሕፍት ከገዙት ሰዎች ኪንድል ላይ በርቀት አጥፍቶ ነበር፤ በኋላ ይቅርታ ጠይቋል።

---

የመደርደሪያ ጠባቂ

በካርቶን ስላሉት አንድ ሁለት ነገር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተሠራው ወረቀት አብዛኛው ከእንጨት የተሠራና አሲድ ያለበት ነው፤ ቢጫ የሚሆነውና የሚሰባበረው ለዚህ ነው። ሙቀትና ብርሃን ያፋጥኑታል። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል፤ ከ30 እስከ 50 በመቶ መካከል ደኅና ነው። ካርቶኑን መሬት ላይ፣ ከውጭ ግድግዳ ጋር አጣብቃችሁ አታስቀምጡ። ነፍሳት ካገኛችሁ መጽሐፉን በላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት፤ ስታወጡት ከነላስቲኩ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አትክፈቱት፣ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ብራናና የቆዳ ሽፋን ያለውን ግን በዚህ መንገድ አትንኩት፣ ለባለሙያ ስጡት።

መደርደሪያውንም አስቡለት። አንድ ሜትር የሚሞላ ረድፍ በቀላሉ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ከባዱን ከታች።

---

አዲስ አንባቢ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ ነው። አክስቴ ቤት ያለው መጽሐፍና ጋዜጣ ከመነበብ አልፏል። አልጋዋ ግማሹ ተሸፍኗል፣ በሩ በሙሉ አይከፈትም፣ አንድ ጋዜጣ ብናነሣ ታለቅሳለች። እዚህ የምትሉትን ዝርዝርና ቅምሻ ብነግራት የምትሰማኝ አይመስለኝም።

---

እመ ብራና

እህቴ፣ ከርዕሱ አልወጣሽም። ይህ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዝርዝር አይፈታውም። ዕቃ መጣል አለመቻል ኑሮን ሲያውክ በሕክምና ራሱን የቻለ ሕመም ተደርጎ ይታያል፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 በመመሪያው ለብቻው አስቀምጦታል፣ የዓለም የጤና ድርጅትም ተቀብሎታል። በንግግር ሕክምና የሚረዱ ባለሙያዎች አሉ። እሷ በሌለችበት አታጽዱ፤ ክምሩ ይመለሳል፣ እምነቷ ግን አይመለስም። አሁን በጋራ ልትስማሙበት የሚገባው አንድ ነገር ደኅንነት ነው፦ ከአልጋዋ እስከ በሩ መተላለፊያ ይከፈት፣ ከምድጃና ከኤሌክትሪክ መሰኪያ አጠገብ ወረቀት አይኑር። «እንጣል» ሳይሆን «እሳት ቢነሣ እንድትወጪልን» በያት። ሐኪም ዘንድም አብረሻት ሂጂ።

---

አዲስ አንባቢ

እግዜር ይስጥልኝ። በዚህ መንገድ አልሞከርኩትም ነበር።

---

የገጽ ዳር

ከሰነበትኩ በኋላ ተመልሻለሁ። ዝርዝሩ አልቋል። ከሠራሁ በኋላ ያየሁት ነገር ክምሩ አንድ ነገር አለመሆኑን ነው። የማጣቀሻ መጻሕፍት፣ ማለትም መዝገበ ቃላት፣ አትላስ፣ የሰዋስው መጽሐፍ፣ ካልተነበቡት ዝርዝር ወጥተዋል፤ ከጅምሩም ከዳር እስከ ዳር ለመነበብ የተሠሩ አልነበሩም። የተደገሙም አሉ። «ለምን ያዝኩት» የሚለው ዓምድ ደግሞ ያልጠበቅኩትን አሳየኝ፦ በተለያዩ ዓመታት፣ በተለያዩ ክፍሎች ውስጥ የተቀመጡ ብዙ መጽሐፎች አንድ ጥያቄ ላይ ነው የሚሰበሰቡት። ሰዎች አገር ለቀው ሲሄዱ ቋንቋቸው ምን ይሆናል የሚለው። ልብ ወለዱም ታሪኩም የቋንቋ ጥናቱም እዚያ ላይ ይገናኛል። ይህን ጥያቄ እንደነበረኝ በቃል ብትጠይቁኝ አልመልስላችሁም ነበር። መደርደሪያው ነው የነገረኝ።

ስለዚህ በዘርፍ መደርደሩን ትቼ እነዚህን አንድ ረድፍ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ፤ ንባቡም ከዚያ ጀምሯል። አንዱ መጽሐፍ ሌላውን ይጠራል፤ በአንዱ የግርጌ ማስታወሻ የተጠቀሰው ከጎኑ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ሺህ ቅጽ፣ በዚህ አንተ ልክ ነህ፤ ባይሰበሰቡ ኖሮ አይገናኙም ነበር። እመ ብራናም ልክ ናት፤ ጥያቄው ባይጻፍ ኖሮ አላያቸውም ነበር።

አንድ የቀረኝ አለ። ከወረስኳቸው ውስጥ የአባቴ መጻሕፍት ይገኙበታል። ርዕሰ ጉዳያቸው፣ የግንባታ ምሕንድስና፣ ከእኔ የራቀ ነው፤ በስድስቱም ጥያቄዎች ቢመዘኑ ይወጣሉ። ግን ገጾቹ ዳር ላይ በእጁ የጻፈው አለ። እነዚህን ምን ላድርጋቸው?

---

ሺህ ቅጽ

ያዛቸው ወንድሜ። እዚህ ላይ የምከራከርህ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም።

---

የድሮ መምህር

ልጄ፣ አባትህ የጻፈባቸውንና ያልጻፈባቸውን ለያቸው። ያልጻፈባቸው የምሕንድስና መጻሕፍት ናቸው፤ ለሚማርባቸው ሰው ይሂዱ። የጻፈባቸውን ግን ከምሕንድስና ዝርዝር አውጥተህ ከቤተሰብህ ደብዳቤዎችና ፎቶግራፎች ጋር አስቀምጣቸው። ልታነባቸው የሚገባህም ዳር ዳሩን ነው። አንድ ሰው ምን ላይ እንዳሰመረ፣ የት ላይ «አይሆንም» ብሎ እንደጻፈ፣ የት ላይ ሒሳቡን ደግሞ እንደሠራው ስታይ፣ ሥራውን ባታውቀውም አስተሳሰቡን ታያለህ። እርሳስ ከሆነ ሲታሽ ይደበዝዛል፤ ስልክህ ላይ ፎቶ አንሣው፣ የገጹን ቁጥር አብረህ መዝግብ።

---

የመደርደሪያ ጠባቂ

መምህር እንዳሉት። ፎቶ ስታነሣ ከእጅ ጽሑፉ ጋር የታተመውን ክፍልም አብረህ አንሣ፤ ማስታወሻው ስለ ምን እንደሆነ ያለ እሱ አይታወቅም።

ስለሚሄዱት መጻሕፍት ደግሞ፦ እባክህ በካርቶን ጭነህ ወደ ቤተ መጻሕፍት ከመምጣትህ በፊት ዝርዝሩን ላክ። ኤክሴሉ አለህ፤ የታተመበትን ዓመትና ያለበትን ሁኔታ ጨምርበት። እኛ ልንቀበል የምንችለውን ምልክት አድርገን እንመልስልሃለን። ጊዜ ያለፈበትን የሕክምናና የሕግ መጽሐፍ ለማንም አትስጥ፤ አንተን የሚያሳስትህ ሌላውንም ያሳስተዋል። የምሕንድስናዎቹን ሙያውን ወደሚያስተምር ተቋም፣ የልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት፣ ልብ ወለዱን ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት።

---

የገጽ ዳር

ዝርዝሩን በሦስት ከፍዬ እልካለሁ። አዲስ አንባቢ፣ ከምለቃቸው ውስጥ ልብ ወለድና ግጥም ብዙ አለ፤ የምትፈልጊው ካለ ከመላኬ በፊት በውስጥ መልእክት ጻፊልኝ። ፈረንሳይኛው ግን ጠረጴዛዬ ላይ ወርዷል፤ ስለ ስደተኞች ቋንቋ ከሰበሰብኳቸው መጽሐፎች ሁለቱ በፈረንሳይኛ የተጻፉ ናቸው።